ርካሽ ዲጂታል ካሊፐር ለትርፍ ጊዜ ሥራ ይበቃል? ጥቆማ

ጥያቄ፦

በትርፍ ጊዜዬ ክራር እሠራለሁ። በቅርቡ ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር ተጋግዘን አንድ ስሪዲ ፕሪንተር፣ ማለትም ፕላስቲክ እያቀለጠ ዕቃ የሚሠራ ማሽን ገዝተናል። እስካሁን የምለካው በማስመሪያ ነበር። መቃኛው አንድ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ እየላላ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አልገባ ብሎ እንጨቱን ሲሰነጥቅብኝ ማስመሪያ እንደማያዋጣኝ ገባኝ። መርካቶ ወርጄ ብጠይቅ ሦስት ዓይነት ዲጂታል ካሊፐር (ዕቃን በሁለት መንጋጋ ይዞ ልኩን ስክሪን ላይ በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) አሳዩኝ፤ አንዱ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሁለተኛው ስም ያልተጻፈበት ብረት፣ ሦስተኛው «የጃፓን ኦሪጅናል ነው» የተባለና ዋጋው የሚያስደነግጥ። ርካሹ ይበቃኛል ወይስ ሲያሳስተኝ ይኖራል? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦

ወንድሜ፣ ስም የለሹን ብረት ግዛ። ግን ሳትፈትነው ገንዘብህን አታውጣ።

ፕላስቲኩ ሚሊ ሜትርን ለዐሥር ከፍሎ ነው የሚያነበው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የስሕተት መጠንም 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። የመቃኛህን ጣጣ አይፈታልህም። የብረቱ እስከ 0.01 ያነባል፤ ይህ ማለት ግን እስከ 0.01 ትክክል ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ጤናማ ከሆነ ስሕተቱ 0.02 ወይም 0.03 ነው። ታዋቂው የጃፓን ሚቱቶዮ ባለ 150 ሚሊ ሜትሩ ራሱ የሚሰጠው ዋስትና 0.02 ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው ለምንድን ነው? ከመቶው መቶውም አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚወጣ፣ ሲንሸራተት ቅቤ ስለሆነ፣ ባትሪውም ዓመታት ስለሚቆይ ነው። ርካሾቹ ላይ ዕጣ ነው፤ አንዱ ግሩም፣ ከጎኑ ያለው ወንድሙ የማይረባ። ደግሞ ሚቱቶዮ በአስመሳይ ምርት ከሚቸገሩት ስሞች አንዱ ስለሆነ፣ በርካሽ የመጣ «ኦሪጅናል» ካየህ ጠርጥር።

ለአንተ ሥራ 0.03 ምንም ማለት አይደለም። የመቃኛህ እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ በበጋ ሲደርቅ ከዚያ በላይ ይቀንሳል። የፕሪንተሩ የፕላስቲክ ክርም ውፍረቱ 1.75 ተብሎ ሲሸጥ ፋብሪካው ራሱ ከ0.02 እስከ 0.05 ወዲያና ወዲህ ሊል እንደሚችል ይነግርሃል። የሚያስቸግርህ የክራሩ ክር ብቻ ነው። ሩብ ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ክር ላይ የ0.02 ስሕተት ወደ አንድ ዐሥረኛ ይጠጋል። እኔ ዐሥር ቁራጭ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን አስተኝቼ አንድ ላይ እለካና ለዐሥር አካፍላለሁ።

ፈተናው ይኸውልህ። መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ሂድና 608 የሚባለውን ትንሽ ኩሽኔታ፣ አዲስና ስም ያለው ፋብሪካ የሠራውን ግዛ። የውጭ ዙሩ ስፋት 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ደረጃው የሚፈቅድለት ጉድለት ደግሞ ከ0.009 አይበልጥም። ኪስህ ውስጥ የሚገባ፣ ካሊፐሩን የሚዳኝ ሽማግሌ ማለት ነው። ውፍረቱን ግን ለዳኝነት አትጠቀምበት፤ 7 ይባል እንጂ እስከ 0.12 መጉደል ይፈቀድለታል።

ሱቅ ስትደርስ የካሊፐሩን መንጋጋ ግጠምና ወደ ብርሃን ያዘው። ብርሃን በአንድ በኩል ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ መልስለት። ዜሮ አድርገህ ዐሥር ጊዜ ክፈት ዝጋ፤ ሁልጊዜ ወደ 0.00 መመለስ አለበት፣ አልፎ አልፎ 0.01 ቢያሳይ ይቅር በለው። ከዚያ ኩሽኔታውን አንድ ጊዜ መንጋጋው ሥር አስጠግተህ፣ አንድ ጊዜ ጫፉ ላይ ለካው። ሁለቱ ከተራራቁ ተንሸራታቹ ላልቷል። ከላዩ ሁለት ጥቃቅን ብሎኖች አሉ፤ በቀጭን ካቻቢቴ ትንሽ ብቻ ስታጠብቃቸው ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ባለሱቁ ካኮረፈ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ስለ ባትሪ ማንም አይነግርህም። እኔ የመጀመሪያውን ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ከወራት በኋላ ሳወጣው ሞቶ አገኘሁት። ስክሪኑን ብታጠፋውም ዜሮው የት እንደሆነ ለማስታወስ ውስጥ ውስጡን ኤሌክትሪክ ይጠጣል። ስለዚህ ሥራ ስትጨርስ ባትሪውን አውጣ። ሲያልቅ ደግሞ ኤልአር44 ሳይሆን ኤስአር44 የሚለውን ፈልግ፤ የሰዓት ባትሪ የሚሸጡ ዘንድ ይገኛል። መጠናቸው አንድ ነው፣ ሁለተኛው ግን ኃይሉ እስኪያልቅ ድረስ ሳይዋዥቅ ይቆያል። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ያለ ምክንያት ከዘለለ፣ ካሊፐሩን ከመስደብህ በፊት ባትሪውን ቀይር፤ ስክሪኑ የሚንሸራተትበትን ዘንግም በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ ላብና እርጥበት ያምታታዋል።

ሌላ መልስ፦

ልጆች፣ ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን እኔ ቶርኖ ላይ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። በካሊፐር ለክታችሁ የኩሽኔታ መቀመጫ አትሥሩ። 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ኩሽኔታ ጠበቅ ብሎ እንዲቀመጥ ሲፈለግ በተለመደው ልክ ዘንጉ ከ20 የሚበልጠው ከ0.002 እስከ 0.015 ባለው ብቻ ነው። የካሊፐራችሁ ስሕተት ብቻውን ይህን ሁሉ ይውጠዋል፤ ሚቱቶዮም ቢሆን። እዚያ የሚያስፈልገው ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከካሊፐር ይበልጥ ረቂቅ ልክ የሚለካ ባለ ብሎን መለኪያ ነው። ትኩስ ብረትም አትለኩ። 100 ሚሊ ሜትር ብረት ከካሊፐሩ በ30 ዲግሪ ከሞቀ 0.03 ያህል ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

ትናንሽ ቀዳዳዎችን በውስጠኛው መንጋጋ ስትለኩም ተጠንቀቁ፤ ጫፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቀዳዳውን ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል። የመቃኛ ቀዳዳ ከሆነ የመሰርሰሪያውን ጫፍ አገላብጣችሁ ለስላሳውን ግንድ ክተቱበት፤ የትኛው ቁጥር ልክ እንደገባ ቀዳዳው ራሱ ይነግራችኋል።

ለእኔ ግን ባትሪ የሌለው፣ በመስመር የሚነበበው ቨርኒየር ይሻለኛል። በርካሽ ይገኛል፣ 0.02 ያነባል፣ የሚያልቅ ነገር የለውም። ዓይን የደከመው ሰው አጉሊ መነጽር ይያዝ። የምትሠሩት ለደንበኛ ከሆነና ማረጋገጫ ወረቀት ከተጠየቃችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት የካሊብሬሽን፣ ማለትም የመለኪያን ትክክለኛነት የመፈተሽ አገልግሎት አለው። ለክራር ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ጠያቂው፦

አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ኩሽኔታዬን ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ አራት ስም የለሽ ብረቶች አወጣልኝ። አንደኛው 22.07 አለ። ሁለተኛው ሥሩ ላይ 22.00፣ ጫፉ ላይ 21.94። ሦስተኛውና አራተኛው ሁለቱም ቦታ 21.99 ስላሉ ከሁለቱ በደንብ የሚንሸራተተውን ወሰድኩ። ባለሱቁ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ኩሽኔታውን ተቀብሎኝ የራሱን የግል ካሊፐር ለካበትና 21.90 ሲያይ ዝም አለ።

የክራሬ መቃኛዎች ስድስቱም አንድ ናቸው ብዬ አምን ነበር። ትልቁ 9.62፣ ትንሹ 8.85።