አንድ የማሕሙድ አልበም ስንት ጊዜ ይገዛል?

የጉለሌ ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ።

ማሕሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን፣ ካይፋ የተባለው ሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣውን ሸክላ አባቴ በወጣትነቱ ገዝቶት ነበር። ማጫወቻው ሲበላሽ ያንኑ ሙዚቃ በካሴት ገዛው። እኔ ያደግኩት በካሴቱ ነው። ክሩ ሲወጣ በቢክ እስክሪፕቶ እያዞርኩ የምመልሰው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ሲዲ መጣ። ሙዚቃው እ.ኤ.አ. በ1999 «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ 7ኛ ሆኖ ፈረንሳይ ታትሞ ነበርና እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ እንድትገዛልኝ ላክኋት። ቀጥሎ ፋይሉን ከአንድ የኢንተርኔት ሱቅ ገዛሁ። ሱቁ ተዘጋ፤ ኮምፒውተር ስቀይር ፋይሉ አልከፈት አለ። አሁን ደግሞ ሙዚቃ በኢንተርኔት ለማዳመጥ በየወሩ ነው የሚከፈለው። እህቴ በካርዷ ትከፍልልኛለች፣ እኔ ብሩን ለእናታችን እሰጣለሁ።

ባለፈው ወር አባቴ አሞት ተኝቶ «እስቲ ያንን ክፈችልኝ» አለኝ። አልበሙ በየወሩ ከምንከፍልበት አገልግሎት ዝርዝር ወጥቷል። ስልኬን እንደያዝኩ ቀረሁ። በጣም ነው የተሰማኝ።

አምስት ጊዜ ተከፍሎበታል። ሲዲው መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ማጫወቻ ግን የለንም፤ ላፕቶፔም ሲዲ አይቀበልም። እንደገና የታተመውን ሸክላ ላስመጣ? ብሩ ለዘፋኙ የሚደርስ ከሆነ ስድስተኛም እከፍላለሁ።

ድምፅ ቀጂው

እህቴ፣ ሲዲው ካለሽ ምንም አትግዢ። በዩኤስቢ የሚሰካ የሲዲ ማንበቢያ ተዋሺ፣ ካጣሽ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ውሰጂው። ግን ወደ ኤምፒስሪ እንዳይቀይሩብሽ። ኤምፒስሪ ፋይሉን ለማሳነስ ከድምፁ ይቆርጣል፣ የተቆረጠው አይመለስም። «በፍላክ (FLAC) አድርጉልኝ» በያቸው፤ ከድምፁ ሳይቆርጥ የሚያሳንስ የፋይል ዓይነት ነው። ሲዲው ላይ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ ተቀምጧል፤ ፍላክ አንዱንም ልኬት ሳይጥል ይይዘዋል። የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 350 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፣ ስልክሽም ያጫውተዋል። ነገ ሌላ ፎርማት ቢመጣ ከዚሁ ትቀይሪዋለሽ እንጂ ዳግም አትገዢም። ሲዲውን ደግሞ ሌላ ቤት አስቀምጪው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ።

የተቆለፈ ፋይል፣ ማለትም ሻጩ ከፈቀደው መሣሪያ ውጭ የማይከፈት፣ ስንገዛ የምንገዛው ፈቃድ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ቁልፉን ከዘፈኖቹ ላይ ሲያነሳ፣ ቀድመው የገዙትን ሰዎች ያልተቆለፈውን ለማግኘት በዘፈን 30 የአሜሪካ ሳንቲም አስከፍሏል። የገዙትን ዘፈን ማለት ነው!

ሕግ ተማሪ

በሕጉ በኩል አትስጊ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለግል መገልገያው አንድ ቅጂ ማባዛትን ይፈቅዳል። በፍላሽ ለጎረቤት ማደል ግን ሌላ ነው።

የድሮ ካሴት ሻጭ

ልጄ፣ ስለ ዘፋኙ ስለጠየቅሽ ደስ አለኝ። እኔ በ70ዎቹ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት ስገለብጥ ነው የኖርኩት። እኛ ቤት ዘፋኙ ሥራውን ባንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ይሄድ ነበር። ካሴቱ ሺህ ይሸጥ አሥር ሺህ፣ ለእሱ ለውጥ የለውም። እነዚያን ልጆች ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፍኑ አድረው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ስለዚህ አንድን ሙዚቃ ደጋግመሽ ብትገዢ ለዘፋኙ ደረሰ ማለት አይደለም። ስድስተኛውን ብር ያዢውና ዛሬ መድረክ ላይ ላለ ወጣት የኮንሰርት ትኬት ግዢበት። በእጅሽ ስትሰጪ ታውቂዋለሽ።

የጉለሌ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። መገናኛ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሸክላውን ማስመጣት ትቻለሁ፣ ጋሼ እንዳሉት ትኬት እገዛለሁ። ሲዲው ወንድሜ ቤት ገብቷል።

ትናንት ማታ ለአባቴ ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማ ቆየና «እዚህ ጋ ካሴቱ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። እዚያች ቦታ ላይ ክሩን የቀጠልኩት እኔ ነበርኩ።