የወታደር ዓይነት የታሸገ ምግብ አዳማ ከየት ይገኛል? መንገድ ላይስ እንዴት ይሞቃል?

ጎማዬ ሰላም (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው አዳማ ነው፤ ከባድ መኪና ይዤ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። አዋሽን ካለፍን በኋላ የምግብ ነገር ራስ ምታት ነው። ምግብ ቤት ያለበት ስንደርስ ሰዓቱ አይሆንም፤ ሰዓቱ ሲሆን ደግሞ ያለው ምግብ ከጠዋት ጀምሮ የቆየ ነው። ወረፋ ላይ ስንቆምማ ከመኪናው ርቆ መሄድም የለም።

ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካ ወታደሮችን ስንቅ አየሁ። ኤምአርኢ ይሉታል። በቡናማ ከረጢት የታሸገ ነው፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ትንሽ ውሃ ሲጨምሩበት ያለ እሳት ይሞቃል። ልቤ ተሰቀለ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። እንዲህ ያለ ምግብ ወይም ለእሱ የሚቀርብ ነገር አዳማ ካሉ ሱፐርማርኬቶች ይገኛል? መንገድ ላይ በምን ላሙቀው? የአፋርን ሙቀትስ ይችላል? አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ረዳቴ ሙስሊም ነው። የምንበላው ደግሞ ከአንድ ድስት ነው።

ሱቅ በደረቴ

ወንድሜ፣ እኔ ፖስታ ቤት አካባቢ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው የምሠራው። ኤምአርኢውን መደርደሪያ ላይ አታገኘውም፣ አትድከም። እሽጉ ላይ ራሱ የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ነው፣ ለንግድ መሸጥ ክልክል ነው የሚል ታትሞበታል። ግን አንተ የምትፈልገው ስሙን አይደለም። የበሰለ፣ ፍሪጅ የማይፈልግ፣ አሙቀህ የምትበላው ነገር ነው። እሱ ሞልቷል።

የጣሳ ተራውን ሄደህ እይ። ቱና፣ ሰርዲን፣ ሽምብራ፣ ፉል፣ ቀይ ቦሎቄ፣ በቲማቲም የተሠራ ነጭ ቦሎቄ፣ በቆሎ። ሁሉም በስሎ ነው የታሸገው። አልፎ አልፎ ደግሞ ከሩዙ ጎን የህንድ ምግብ ይመጣል። ስስ ካርቶን ነው፣ ስትከፍተው ውስጡ ብርማ ለስላሳ ከረጢት አለ። የምስር ወይም የቦሎቄ ወጥ ነገር ነው። አሠራሩ ከወታደሩ ምግብ ጋር አንድ ነው። ዛሬ ቢኖር ነገ ላይኖር ይችላል፤ ስታገኝ በዛ አድርገህ ውሰድ።

የህንዶቹ እሽግ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ታያለህ። ሥጋ የለውም ማለት ነው እንጂ የጾም ነው ማለት አይደለም። ማካኒ የሚል ካየህ ቅቤ አለው፤ ፓኒር የሚል ካየህ አይብ ነው። እነሱን ለፍስክ ቀን አስቀምጣቸው።

ኤክስፓየር ዴቱንም ልብ በል። ከውጭ የመጣ ዕቃ የሚጻፍበት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2026 የሚል አይቶ "ኧረ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል" ብሎ በካርቶን ሊጭን የነበረ ደንበኛ አለን።

ፒኬ 12

እኔም የዚያው መስመር ሰው ነኝ። የሥጋ ጣሳ ነገር ይቅርባችሁ። ሐላል የሚል ካለበት አንተ አትበላም፣ ከሌለበት ረዳትህ አይበላም። ጅቡቲ ከተማ ገብተህ ትልልቆቹን ሱፐርማርኬቶች ካየህ የፈረንሳይ ጣሳ ተደርድሯል። ዋጋው አይቀመስም እንጂ ጥሩ ጥሩ ነገር አለው። ካሱሌ የሚባለውን ግን ሳታነብ እንዳታነሳ። ቦሎቄ ይመስላል፣ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ቋሊማ ነው።

ስለዚህ እኔና ረዳቴ ሽምብራ፣ ፉልና ቦሎቄ ላይ ተስማምተናል። በጾምም በፍስክም አያጣላም። ቱናና ሰርዲን በፍስክ ቀን ይጨመራሉ።

ስለ ማሞቁ ልንገርህ። ሰው ሁሉ ስለ ምድጃ ያወራል፣ የሚያዋጣው ግን ፔርሙዝ ነው። አፉ ሰፊ የሆነውን፣ እጅህን የሚያስገባውን ግዛ። ጠዋት ሻይ የምትጠጣበት ቤት የፈላ ውሃ አስሞላ። ለከረጢት ምግብ ከሆነ ከረጢቱን ሳትከፍት ውሃው ውስጥ ከተህ ክዳኑን ግጠመው። ሩብ ሰዓት ታገሠው። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ወረፋው ቢንቀሳቀስም እየነዳህ ይሞቅልሃል። ሲወጣ ከረጢቱን በፎጣ ያዝ፣ ጥጉን ቀድደህ እዚያው በማንኪያ ብላ። ሳህን ማጠብም ቀረ። የቀረው ውሃ ለሻይ አይሁን፤ ከረጢቱ ስንት መጋዘን ዞሮ እንደመጣ አይታወቅም።

ጣሳ ከሆነ ከፍተህ ወደ ትንሽ ድስት ገልብጠውና ከመኪናው ወርደህ በቡታጋዝ አሙቀው። በድሮ ጊዜ ሹፌሮች ጣሳውን ሞተሩ ላይ ያስቀምጡት ነበር ሲባል ትሰማለህ። ያልተከፈተ ጣሳ እንደዚያ ሲግል እንደ ቦምብ ነው የሚፈነዳው። ከረጢቱ ደግሞ ፕላስቲክ ስላለበት ማርሚታው አካባቢ ይቀልጣል። ተወው።

ቶሎ ቶሎ

ይህን ሁሉ ከምትለፋ ያቺ አየር እየመጠጠች የምታሽገው ማሽን አለች አይደል? እሷን ግዛ። እቤት ምስር ወጥና ሽሮ ተሠርቶ ይታሸግልሃል። የራስህ ኤምአርኢ ማለት ነው። ወሩን ሙሉ ትበላለህ።

ላቦራቶሪ

ቶሎ ቶሎ፣ ይህ ምክር ሰው ይገድላል። የተማርኩት የምግብ ሳይንስ ነው፤ ትንሽ ላብራራ።

የፋብሪካው ከረጢት የሚቆየው አየር ስለሌለው ብቻ አይደለም። ምግቡ ከታሸገ በኋላ በግፊት ማብሰያ ውስጥ ገብቶ ወደ 121 ዲግሪ ይግላል። ይህ ሙቀት የሚፈለገው ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የምታመጣውን ባክቴሪያ ዘር ለመግደል ነው። ዘሯ የፈላ ውሃን ትቋቋማለች። አዳማ ደግሞ ከፍታዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ 100 እንኳ አይደርስም። ይባስ ብሎ ይህች ባክቴሪያ አየር የሌለበትን፣ እርጥብና ሞቅ ያለ ቦታ ነው የምትወደው። ወጥ በቤት ማሽን አሽጎ አፋር መውሰድ ማለት ቤት ሠርቶ መስጠት ነው። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ቤት የታሸገ ወጥ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ነገሩ በዚህ አለቀ። ማሽኗ ለደረቅ ነገር ትሁን፤ ለቆሎ፣ ለበሶ፣ ለሽሮ ዱቄት።

ጎማዬ ሰላም፣ ስለ አፋር ሙቀት ለጠየቅከው። የአሜሪካኑ ኤምአርኢ እንኳ 27 ዲግሪ ላይ ሲቀመጥ ሦስት ዓመት ያህል ይቆያል፤ 38 ዲግሪ ላይ ግን ዕድሜው ወደ ወራት ይወርዳል። ፀሐይ ላይ የቆመ ጋቢና ከ38 በጣም ያልፋል። መጀመሪያ የሚበላሸው ጣዕሙ፣ መልኩና ቫይታሚኑ ነው። ከዚህ ሌላ ከፋብሪካው ሙቀት የሚተርፉ፣ ሙቀት ወዳድ የሆኑ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይተኛሉ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይነሣሉ። ጣሳው ሳያብጥ ውስጡን ያኮመጥጡታል። ስትከፍተው የኮመጠጠ ከሆነ ጣለው።

ስለዚህ ለአንድ ጉዞ የሚበቃህን ብቻ ያዝ። የተረፈውን እቤት አውርደው፣ መኪናው ላይ አይክረም። ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጥ፤ ከመቀመጫ ሥር፣ ከሞተሩ ርቆ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይሁን። ያበጠ፣ የሚያንጠባጥብ፣ ስፌቱ ላይ የተጨረመተ ጣሳ ወይም የተነፋ ከረጢት ካየህ አትቅመስ። ሳትከፍት ጣል። ከፍተህ የተረፈህን ደግሞ ለማታ አትበል፤ እዚያ ሙቀት ውስጥ ማታ ድረስ አይቆይም።

አሥር አለቃ

ልጆች፣ እኔ ወታደር ነበርኩ። በእኛ ጊዜ ስንቅ ማለት ኮቾሮ ነው። ሻይ ውስጥ ካልዘፈቅከው ጥርስ ያነቃንቃል። ውሃ ጠብ አድርገህ ይሞቃል የሚባል ነገር በጆሯችንም አልሰማን። እና ይህ የአሜሪካኖቹ ምግብ ራሱ የሚሞቀው በምን ብልሃት ነው? ባትሪ አለው?

ላቦራቶሪ

ጋሼ፣ ባትሪ የለውም። ኤምአርኢ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀመር ማሞቂያውም አልነበረም፤ በ1990ዎቹ ነው የተጨመረው። ስስ ፕላስቲክ ውስጥ የማግኒዥየም ዱቄት ከብረትና ከጨው ጋር አለ። ውሃ ሲነካው ይግላል። ሲግል ግን ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ እሱ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ሲጋራ እያጨሱ፣ መስኮት ዘግተው፣ ጋቢና ውስጥ የሚጠቀሙበት ዕቃ አይደለም።

ቻይናዎቹ ራሱን የሚያሞቅ ምግብ በሳሕን የሚሸጡት አላቸው። የእነሱ በአብዛኛው ኖራ ነው፤ ያው ውሃ ሲነካው የሚፍለቀለቀው። ክዳኑ ላይ ያለችውን የእንፋሎት ቀዳዳ መድፈን አይገባም፣ እንፋሎቱም እጅ ይልጣል። ኖራውን ለብቻው ገዝቼ እቤት ልሥራው የሚል እንዳይነሣ፤ ዓይን ያጠፋል።

አሥር አለቃ

ተባረክ። እንግዲያው ፔርሙዙ ይሻላል።

እናት ጓዳ

የሰው አገር ከረጢት ከምታሳድዱ የራሳችንን ስንቅ አትረሱ። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ጭኮ። አርሲና ባሌ መንገደኛ በጭኮ ነው የሚውለው። ጭኮ ግን ቅቤ ነው፤ በአፋር ሙቀት ይቀልጥና ልብስህ ላይ ይፈሳል። ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ይፈልጋል፣ በጾምም አይሆንም።

ለአንተ የሚሆንህ ድርቆሽ ነው። እንጀራው ፀሐይ ላይ ጥርት ብሎ ይድረቅ፤ ስትሰብረው ቀጭ ካላለ ይሻግታል። ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ።

ሽሮ ይዛችሁ ከሆነም ምጥኑን ያዙ። ቅመሙ ገብቶበታል፣ ውሃ ማፍላት ብቻ ነው። ለበሶው እሳትም አያስፈልግ።

ኤሌክትሪሻን ከፍራንኮ

ማንም አላነሣውም። በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት የሚሠራ የምሳ ዕቃ ማሞቂያ አለ። ጥሩ ነው፣ ግን ከባድ መኪና 24 ቮልት ነው። ገበያ ላይ የሚበዛው ለቤት መኪና የተሠራ 12 ቮልት ነው። እሱን ከሰካኸው ይቃጠላል፣ ፊውዙንም ይዞ ይሄዳል። ጀርባው ላይ 24 የሚል አንብብ። ሞተር ጠፍቶ ረጅም ሰዓት አትጠቀምበት፤ ጠዋት መኪናው እምቢ ቢልህ ወረፋው ሁሉ ይጮህብሃል።

ፒኬ 12

ከሰልን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር። ማታ ብርድ ነው፣ ወይም ዝናብ ነው ብሎ ከሰል ጋቢና ውስጥ የሚያስገባ አለ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ አይሸትም፣ እንቅልፍ እንደያዘህ ይዞህ ይሄዳል። የቡታጋዙን ጣሳም ቀን ፀሐይ ላይ ጋቢና ውስጥ አትተወው።

ጎማዬ ሰላም (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ፍራንኮ አካባቢ ዞሬ ሰፊ አፍ ፔርሙዝ አግኝቻለሁ። ፉልና ሽምብራ ገዛሁ። የህንዱን ከረጢት አንድ ቦታ ብቻ አገኘሁ፤ ምስሩ ማካኒ ስለሆነ ለእሑድ አቆየሁት። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ጣሳውን ሳልከፍት ፔርሙዙ ውስጥ ብከተውስ? ሌላው፣ ጅቡቲ ውስጥ አንድ ልጅ እውነተኛውን ኤምአርኢ አመጣልሃለሁ ብሎኛል። ልግዛው?

ላቦራቶሪ

ትንሿ ጣሳ ፔርሙዙ ውስጥ ብትገባ አደጋ የለውም፤ ውሃው ከመፍላት በታች ስለሆነ አትፈነዳም። የሚያስፈራው እሳት ላይ ነው። ግን ጣሳ ወፍራም ስለሆነ መሐሉ ለብ ብሎ ይቀራል። በስሎ የታሸገ ነው፣ ለብ ያለውንም ቀዝቃዛውንም ብትበላ ችግር የለውም።

ኤምአርኢውን እኔ አልገዛም። ሕጉ እንዳለ ሆኖ፣ ከየት እንደወጣና ስንት በጋ ፀሐይ ላይ እንደከረመ የሚነግርህ የለም። ካርቶኑ ላይ አራት አኃዝ ታገኛለህ። የመጀመሪያው የተሠራበት የፈረንጅ ዓመት መጨረሻ ቁጥር ነው፤ ሦስቱ ቀኑን ይቆጥራሉ። 3125 ማለት በ3 የሚያልቅ ዓመት 125ኛው ቀን ነው። ያ 2023 ይሁን 2013 ግን ቁጥሩ አይነግርህም። ከዚህ ሌላ ሥጋው የማን እንደሆነ አታውቅም፣ አሳማ ያለበትም አለ።

ሱቅ በደረቴ

ሌላም ነገር ቢያመጡልህ እንዳትገዛ፤ ፕላምፒ ነት። ኃይል አለው፣ አንዱ ከረጢት 500 ካሎሪ ነው፣ አዎ። ግን በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚታደል መድኃኒት ማለት ነው። ገበያ ላይ ከዋለ ከአንድ ሕፃን አፍ ነው የወጣው።

ጎማዬ ሰላም (ጠያቂ)

ገብቶኛል፣ ሁለቱንም ትቼዋለሁ። እናት ጓዳ፣ ድርቆሹንና ፉሉን ላዋህደው አስቤ ነበር። እንዴት ይሆናል?

እናት ጓዳ

ይሆናል እንጂ ልጄ! ድርቆሹን ሳህን ላይ ሰባብረው። ከፔርሙዙ የሞቀ ውሃ ረጨት አድርግበት፣ አታስምጠው፤ ይጨማለቃል። ለዚህ ግን ጣሳ ያልገባበት ንጹሕ ውሃ ይሁን፣ ሌላ ትንሽ ፔርሙዝ ያዝ። ድርቆሹ ሲለሰልስ ፉሉን ከነውሃው ገልብጥበት። በርበሬና ዘይት ቀድመህ በትንሽ ጠርሙስ አዋህደህ ያዝ፣ ከላይ አፍስስበት። ሽንኩርትና ቃሪያ እዚያው ክተፍ። ጨው አትጨምር፣ ጣሳው በቂ ጨው አለው፤ በዚያ ሙቀት ውሃ ውሃ ያሰኝሃል።