«ከቨር 3»፣ «ሪፕ»፣ «ሊዝ»፦ የአሜሪካን ፉትቦል የመከላከል ቃላት በአማርኛ ምን ይባሉ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል፤ ቦታው ኮርነር ነው፤ ከዳር ቆሞ ኳስ ተቀባዮችን የሚጠብቅ የኋላ ተከላካይ ማለት ነው። ዘንድሮ የሚገጥሟቸው ቡድኖች አብዛኞቹ «ስፕሬድ» ስለሚጫወቱ አሰልጣኙ የቃላት ዝርዝር ሰጥቶታል፤ ማታ ማታ አብረን እናጠናለን። «ከቨሬጅ»ን «ሽፋን» ብዬዋለሁ። «ፊልድ ኮርነር» እና «ባውንደሪ ኮርነር» ግን ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም የሚቆሙት ሜዳ ላይ አይደል? «ከቨር 3»፣ «ሪፕ» እና «ሊዝ»ንም የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ረዳት አሰልጣኝ የሆነ አባል፦ እህቴ፣ ከሜዳው ልጀምርልሽ። ሜዳው ወደ 49 ሜትር ይሰፋል። በሁለተኛ ደረጃ ውድድር ኳሱ የሚቀመጥባቸው ሁለት የውስጥ ምልክቶች ስፋቱን ሦስት እኩል ቦታ ይከፍሉታል። ስለዚህ ኳሱ አንደኛው ምልክት ላይ ካረፈ በአንድ በኩል 16 ሜትር ገደማ፣ በሌላው በኩል ግን እጥፉ ይቀራል። ሰፊው ጎን «ፊልድ»፣ ጠባቡ «ባውንደሪ» ይባላል። በአማርኛ «ሰፊው ጎን» እና «ጠባቡ ጎን» ካልሽው ልጁ ወዲያው ይገባዋል።

ስፕሬድ የሚባለው አጨዋወት ይህንን ስፋት መጠቀም ነው። አራት አንዳንዴም አምስት ተቀባዮችን ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋና ተከላካዮቹን ይበታትናቸዋል፤ እያንዳንዱ ተከላካይ በሰፊ ቦታ ላይ ብቻውን እንዲቀር ነው ፍላጎቱ። ተከላካዩም ቡድን በምላሹ ከፊት መስመሩ ጀርባ የሚቆመውን፣ ከባድ ሰውነት ያለውን ላይንባከር አስወጥቶ ፈጣን የኋላ ተከላካይ ያስገባል። አምስት የኋላ ተከላካዮች ሲሆኑ «ኒክል» ይባላል፤ ስሙ ከአሜሪካው አምስት ሳንቲም የመጣ ነው። ስድስት ሲሆኑ «ዳይም» ነው፤ አስር ሳንቲም ሁለት ኒክል ስለሆነ።

የቋንቋ መምህርት የሆነች አባል፦ «ሽፋን»ን ብንተወው እላለሁ። በእኛ የእግር ኳስ ወሬ «ሽፋን ሰጠው» ሲባል አንዱ ተከላካይ ሲታለፍ ሌላው ከኋላ ደረሰለት ማለት ነው። ይሄ ግን ከመጀመሪያውም የተመደበ ሥራ ነው፤ «ጥበቃ» ይሻለዋል። ተጫዋቹ አንድን ሰው የሚከተል ከሆነ «ሰው በሰው»፣ አንድን ክልል የሚይዝ ከሆነ «የቦታ ጥበቃ» እንበለው። ለምሳሌ «ኮርነሩ ዛሬ ሰው በሰው ነው» ብንል ማንም ኳስ ወዳጅ ይረዳናል። ቁጥሩን ግን ለአሰልጣኙ እተዋለሁ።

ረዳት አሰልጣኙ፦ «ጥበቃ»ን ወድጄዋለሁ፤ ከእንግዲህ እጠቀምበታለሁ።

ከ0 እስከ 4 ባሉት ስሞች ቁጥሩ የሚነግረን ከኋላ ጥልቁን ቦታ የሚጠብቁትን ሰዎች ብዛት ነው። ከቨር 3 ማለት ጥልቁ ለሦስት ተከፍሎ ሦስት ሰው ይጠብቀዋል ማለት ነው። ስፕሬድ የሚያስቸግረውም እዚህ ላይ ነው። አራት ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ቀጥ ብለው ወደ ጥልቁ ቢሮጡ ሦስት ሰው አራቱን መጠበቅ አይችልም፤ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ነጻ ይሆናል።

«ሪፕ» እና «ሊዝ» ለዚህ የተገኙ መልስ ናቸው። ስማቸው ከታዋቂው አሰልጣኝ ከኒክ ሴባን ጋር ይነሳል። እሱ ከ1991 እስከ 1994 በፕሮፌሽናሉ ቡድን በክሊቭላንድ ብራውንስ የዋና አሰልጣኙ የቢል ቤሊቺክ የመከላከል አሰልጣኝ ነበር። ጥበቃው ሲጀምር ከቨር 3 ይመስላል፤ ተቀባዮቹ ከተንቀሳቀሱ በኋላ ግን ወደ ሰው በሰው ይለወጣል። ይህን ዓይነቱን «ማች» ይሉታል። ተቀባዮች የሚቆጠሩት ከዳር ወደ ውስጥ ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ከውስጥ የቆመው ጠባቂ ዓይኑን ሁለተኛው ላይ ያደርጋል። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ከሮጠ አብሮት ይሮጣል፤ ስለዚህ ጥልቁን የሚጠብቁት አራት ሆኑ ማለት ነው። ሁለተኛው ወደ ውጭ ከታጠፈ ደግሞ ወደ ጥልቁ አይሮጥም። ልጅሽ ሜዳ ላይ «ቱ ኢዝ አውት!» (ሁለተኛው ወደ ውጭ ወጣ) ብሎ ሲጮህ ከሰማሽ ይህንን ነው የሚያስታውቀው።

ቃላቱ ራሳቸው ትርጉም የላቸውም። «ሪፕ» በእንግሊዝኛው የቀኝ (ራይት)፣ «ሊዝ» ደግሞ በግራ (ሌፍት) የመጀመሪያ ፊደል ይጀምራል፤ አቅጣጫ ለመንገር የተመረጡ ናቸው። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት በጩኸት መካከል በአንድ ትንፋሽ መነገር አለባቸው፤ ረጅም ቃል እዚያ አይሠራም።

የቋንቋ መምህርቷ፦ እንግዲያው ለቤት ጥናቱ በአማርኛም ማድረግ ይቻላል፦ ለቀኝ «ቀበሮ»፣ ለግራ «ግስላ»። ሁለቱም በአቅጣጫው ፊደል ይጀምራሉ፤ ድምፃቸውም ስለማይቀራረብ አይምታቱም።

ጠያቂዋ፦ ዛሬ ማታ እሞክራቸዋለሁ! አንድ ልጨምር፦ አሰልጣኙ ወረቀቱ ላይ «ኮንፍሊክት ዲፌንደር» ብሏል። «ተጋጭ ተከላካይ» ልበለው?

ሌላ አባል፦ የለም እህቴ፣ ለእሱ አማርኛ የተዘጋጀ አባባል አለው፤ ከሁለት ያጣ ጎመን። ጨዋታውን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ኳሱን ለሯጩ የሚሰጥ መስሎ ላይንባከሩን ያየዋል። ላይንባከሩ ሩጫውን ለማስቆም ወደ ፊት ከመጣ ኳሱ ከጀርባው ይወረወራል፤ ውርወራውን ፈርቶ ከቆየ ሯጩ ያልፋል። ኳርተርባኩስ? እሱ ሁለት ባላ የተከለ ነው፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ይንጠለጠላል።

ረዳት አሰልጣኙ፦ ልክ ነው፤ በተለይ በኮሌጅ ይከብዳል። እዚያ ሕጉ ኳሱ እስኪወረወር ድረስ የፊት መስመር ተጫዋቾች 3 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ወደ ፊት እንዲገቡ ይፈቅዳል፤ በፕሮፌሽናሉ ሊግ 1 ያርድ ብቻ ነው። ላይንባከሩ መስመሩ ወደ እሱ ሲመጣ ያያልና ሩጫ ነው ብሎ ያምናል። እኛ ልጆቹን ስናሠለጥን ላይንባከሩን ከዚህ ምርጫ እናወጣዋለን፤ «ሩጫው የአንተ ነው፣ ጀርባህን አትይ» እንለዋለን። ከጀርባው የሚወረወረውን እንዲወስድ ከሁሉም ኋላ የሚቆመውን ተከላካይ፣ ሴፍቲውን፣ ወደ 10 ያርድ እናቀርበዋለን፤ ዓይኑንም ሁለተኛው ተቀባይ ላይ ያደርጋል። ያን ጊዜ ኮርነሩ ከአንደኛው ተቀባይ ጋር ብቻውን ይቀራል፤ ስለዚህ ልጅሽ ከሁሉም በፊት ማጥናት ያለበት ሰው በሰውን ነው።