የተቸገሩ ነዋሪዎችን ከድጋፍ ሰጪ ተቋማት ጋር ማገናኘት፦ ዝርዝሩ ከታደለ በኋላስ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበን፣ በአካባቢያችን የሚገኙ የተቸገሩ ነዋሪዎች የምግብ፣ የሕክምና፣ የመጠለያና የሕግ ምክር ድጋፍ ከሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት ጋር እንዲገናኙ ለመርዳት እየሞከርን ነው። የድርጅቶቹን ስም፣ አድራሻና ስልክ የያዘ ዝርዝር አዘጋጅተን ቤት ለቤት አድለናል። ሆኖም ወረቀቱን ከተቀበሉት መካከል ወደ ድርጅቶቹ የሄዱት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከሄዱትም ገሚሶቹ «ማስረጃ አምጡ» ወይም «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ተብለው ከተመለሱ በኋላ ዳግም ለመሞከር ፈቃደኛ አልሆኑም። ይበልጥ የሚያሳስቡን ደግሞ ከነጭራሹ አፍ አውጥተው የማይጠይቁት ናቸው፤ በተለይ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንና በቅርቡ ሥራ ያጡ የቤተሰብ ኃላፊዎች ይሉኝታ ስለሚይዛቸው፣ ችግራቸውን የምንሰማው ከባሰበት በኋላ ነው። ይህን ክፍተት በምን እንሙላው? ስለ ሰዎቹስ ምን ያህል መረጃ መዝግበን መያዝ ይገባናል?

ምላሽ 1፦ ከማኅበራዊ ሠራተኛ

ስልክ ቁጥር መስጠትና ሰውን ማገናኘት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ወረቀት የተሰጠው ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ብቻውን ይወጣዋል፤ የትኛው ድርጅት እንደሚመለከተው መለየት፣ መደወል፣ ችግሩን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት፣ ቅጽ መሙላት፣ ማስረጃ ማሰባሰብ፣ ከዚያም ደጅ መጥናት ይጠበቅበታል። ይህ ሁሉ የሚጠበቅበት ደግሞ እንቅልፍ ባጣበትና ሐሳቡ በተበታተነበት ወቅት ነው።

ስለዚህ ባለጉዳዩ ፈቃደኛ ከሆነ እሱ ባለበት ወደ ድርጅቱ ደውሉ። በጥሪው ላይ አዲስ አመልካች እየተቀበሉ እንደሆነ፣ የሚፈለጉት ማስረጃዎች ምን ምን እንደሆኑ፣ በየትኛው ቀን መጥቶ ማንን ማነጋገር እንዳለበት ጠይቃችሁ መልሱን ጻፉለት። ከምትጠቅሷቸው ሰዎች ብዙዎቹ የተመለሱት መብት ሳይኖራቸው ቀርቶ ሳይሆን አንድ ወረቀት ጎድሏቸው ወይም የተሳሳተ ቢሮ ሄደው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ አስቀድሞ በአንድ ጥሪ ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው ካጋጠማችሁ የመጀመሪያው ሥራችሁ እሱን ማስገኘት ይሁን፤ ያለ መታወቂያ ሌላው በር ሁሉ አንድ በአንድ ይዘጋልና። የሚቻል ከሆነ በመጀመሪያው ቀጠሮ አብራችሁት ሂዱ፤ ነገር ግን ራሱ እንዲናገር ፍቀዱለት እንጂ አፉን አትንጠቁት።

ከቀጠሮው በኋላ መልሳችሁ ጠይቁት። ብዙ ቡድኖች የላኩትን ሰው ብዛት ይቆጥራሉ፤ መቆጠር ያለበት ግን ተቀባይነት አግኝቶ አገልግሎቱን የጀመረው ነው። በተጨማሪም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ለመናገር የሚቀለውን ችግር መሆኑን አትዘንጉ። ምግብ የጠየቀ ሰው የቤት ኪራይ ውዝፍ ሊኖርበት፣ ወይም ምግብ የሚገዛበትን ገንዘብ ለመድኃኒት እያዋለው ሊሆን ይችላል።

ምላሽ 2፦ የአገልግሎት መረጃ ከሚያሰባስብ አንባቢ

ከላይ በተሰጠው ምላሽ እስማማለሁ፤ ዝርዝሩን ግን አትናቁት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ዩናይትድ ዌይ በተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነት በአትላንታ የተጀመረውና በ2000 የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሰዎችን ከድጋፍ ሰጪ ድርጅቶች ጋር ለማገናኘት የመደበው 211 የተባለው የስልክ ቁጥር ጥቅሙ ቁጥሩ አጭር በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ከስልኩ ጀርባ የድርጅቶቹን መረጃ በየጊዜው የሚያጣሩ ሠራተኞች አሉ። ያልታደሰ ዝርዝር ከመጥቀም ይልቅ ሰው ያንገላታል። በእያንዳንዱ ድርጅት ስም ሥር ማን ማመልከት እንደሚችል፣ የሚያስፈልገው ማስረጃ፣ የሥራ ሰዓቱና መረጃው የተረጋገጠበት ቀን ይጻፍ፤ የማደሱም ኃላፊነት ለአንድ በስም ለታወቀ ሰው ይሰጥ፤ የሁሉም የሆነ ሥራ ማንም አይሠራውምና።

አፍ አውጥተው የማይጠይቁትን በተመለከተ፣ የብራዚል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 የከፋ ድህነትን ለማጥፋት ባወጣው ዕቅድ «ንቁ ፍለጋ» የተሰኘ አሠራር ተከትሏል። ሐሳቡ ድኻው ቢሮ ፈልጎ እንዲመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ባለሙያዎች ወዳለበት ሄደው እንዲመዘግቡት ነው። እናንተ የመንግሥት አቅም ባይኖራችሁም፣ ሰዎች በሌላ ምክንያት የሚያገኟቸውን የጤና ባለሙያዎችን፣ መምህራንንና የእምነት አባቶችን በዚህ መንገድ ልታሰልፉ ትችላላችሁ። አንድ ሰው ችግር ላይ መሆኑን ቀድሞ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ምላሽ 3፦ ድጋፍ ተቀብሎ ከሚያውቅ ሰው

እኔ ከዚያኛው ወገን ሆኜ ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ እርዳታ ስጠይቅ ከረሃቡ ይልቅ የከበደኝ ያንኑ ታሪክ በየቢሮው እንደ አዲስ መናገሩ ነበር። አንድ ሰው አዳምጦኝ፣ ፈቃዴን ጠይቆ ለሚቀጥለው ቢሮ ቢያስረዳልኝ ኖሮ ቀደም ብዬ እሄድ ነበር። ሌላው ደግሞ ፎቶግራፍ ነው። ድጋፍ ሲሰጥ ካሜራ የሚያነሣ ቡድን ባለበት፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው በሩን ቢዘጋ አይፈረድበትም። ገመናዬ በሰፈር እንዳይወራ ዋስትና የሰጠኝ ሰው ዛሬም ባለውለታዬ ነው።

«እርዳታ ያስፈልግዎታል ወይ?» ብሎ መጠየቅም መልሱን አስቀድሞ እንደ ማወቅ ነው፤ ኩሩ ሰው «የለም፣ ተመስገን» ይላል። «ይህ አገልግሎት በእርስዎ ዕድሜ ላሉ ሁሉ የተፈቀደ ነው፤ ቅጹን አብረን እንሙላው?» ቢባል ግን ክብሩ አይነካም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፈቃዱን እንዴት ይስጠን?

ምላሽ 1፦ ከማኅበራዊ ሠራተኛ

በቃሉ ይስጥ። መረጃው ለየትኛው ድርጅትና ለምን ጉዳይ እንደሚተላለፍ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት፤ ከዚያም ምን እንደተረዳ በራሱ አነጋገር እንዲነግራችሁ ጠይቁት። የተስማማበትን ቀንና ማን እንዳስረዳው ጻፉ። ስለ መዝገቡ ለጠየቃችሁት፣ ለጉዳዩ የግድ ካልሆነ የበሽታ ስም፣ የቤተሰብ ጠብ ወይም የእምነት ጉዳይ አትመዝግቡ፤ ስም፣ መገናኛ፣ የተላከበት ድርጅትና የተገኘው ውጤት ይበቃል። መዝገቡም በቡድኑ የጋራ የስልክ መልእክት መለዋወጫ ላይ ሳይሆን ሁለት ኃላፊዎች ብቻ በሚከፍቱት ቦታ ይቀመጥ። ባለጉዳዩ ሐሳቡን ከቀየረ ስሙ የሚሰረዝ መሆኑንም ከወዲሁ ንገሩት።