ድንጋዩ ምን ይባል? (ሐሙስ ይገባል!)

ጸሐፊ፦ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚገባው ጽሑፍ ሐሙስ ማለቅ አለበት። ድንጋዩ መናፈሻው ውስጥ ይቆማል፤ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ስንመጣ ሱዳን መንገድ ላይ የቀሩብን ሰዎች ስም ይቀረጽበታል። ርእሱን በዕብራይስጥ «ማጼቫ» ብዬዋለሁ። ስም ማን ይሰብስብ?

የናታንያው (ከናታንያ ከተማ)፦ እኔ። እሑድ ሽማግሌዎቹ ጋ እሄዳለሁ።

የበኩር ልጅ፦ ማጼቫ? እዚህ አገር ማጼቫ ሲባል የመቃብር ድንጋይ ነው። እናቴ በረሃ ነው የቀረችው። መናፈሻ ውስጥ ማንን ልንቀብር ነው?

ጸሐፊ፦ ያዕቆብ ቤቴል ላይ ተንተርሶት ያደረውን ድንጋይ አቁሞ ዘይት ሲያፈስበት ቃሉ ማጼቫ ነው። ማንም አልተቀበረም። ሥሩ «መቆም» ነው።

የበኩር ልጅ፦ ራሔል መቃብር ላይ ያቆመውስ? እሱም ማጼቫ ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 35ን ዘለልከው?

መምህር፦ ዘዳግም 16፥22 ደግሞ ማጼቫ አታቁም ይላል። የኛ የቤተ እስራኤል ቄሶች ካዩ አለቀልን። «ዓሙድ» በሉት፤ የኛው ዓምድ ነው።

ጸሐፊ፦ ዓሙድ ጣራ ይሸከማል። ሳምሶን የገፋው ዓሙድ ነው። የኛ ድንጋይ ምን ሊሸከም?

መምህር፦ የደመናው ዓምድስ የማንን ጣራ ተሸከመ? መንገድ ነው የመራው። የኛ ሰዎችስ የት ነው የሞቱት?

የበኩር ልጅ፦ 😢 እሱስ ልክ ነህ።

ታናሽ፦ ኧረ «አንዳርታ» (የመታሰቢያ ሐውልት) በሉትና እንገላገል። ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው።

መምህር፦ ለእናቶቻችን የግሪክ ቃል?

ገንዘብ ያዥ፦ ስሙኝማ። ጠራቢው በፊደል ነው የሚያስከፍለው። ቀብዱን ከኪሴ ነው የሰጠሁት፤ ከየቤቱ 200 ሼክል ተባብለን እስካሁን ዘጠኝ ቤት ነው የከፈለው። እናንተ እዚህ ሥርወ ቃል ትቆፍራላችሁ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ። በቃኝ።

የበኩር ልጅ፦ ሂድ፣ ማን ያዘህ?

(በማግስቱ)

ጸሐፊ፦ ትናንት ተናድጄ ነው። ርእሱን ባዶ ትቼዋለሁ።

ታናሽ፦ አያቴ ቆማ ስም ማንበብ አትችልም፣ ጉልበቷን ያማታል። ወንበር ይጨመር።

መምህር፦ ጥላም።

ገንዘብ ያዥ፦ ወንበርና ጥላ ከገባ ድንጋዩ ያንሳል። እወቁት።

የበኩር ልጅ፦ ይነስ። ቁጭ ብለን እናለቅሳለን።

ጸሐፊ፦ ቀይሬዋለሁ፦ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጥላ፣ አነስተኛ ድንጋይ። የስም ዝርዝሩስ? የናታንያው?

ገንዘብ ያዥ፦ ከእሑድ ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው።