የስኖውሞቢል ማርሚታ ሙቀት ኮፈኑን እያለሰለሰው ነው፤ ምን ይሻላል?

ስኖውሞቢሉ (በበረዶ ላይ የሚነዳው ተሽከርካሪ) ባለ 600 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ምት፣ በውሃ የሚቀዘቅዝና ካርቡራተር ያለው ነው። የምነዳው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ነው። የማርሚታው ሆድ ከኮፈኑ ፕላስቲክ የሚርቀው 2 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። በጥልቅ በረዶ ላይ በዝግታ ሲሄድ ፕላስቲኩ ለስልሶ ያብጣል፤ በፍጥነት ሲነዳ ግን ነፋስ ስለሚያገኝ ምንም አይሆንም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጋዝ ማምለጥን ነው። መገጣጠሚያው ላይ ጥቁር ዘይት ስላገኘሁ ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) እና መገጣጠሚያውን የሚይዙትን፣ የላሉትን ሁለት ሞላዎች ቀየርኩ። ዘይቱ ቆመ፣ ሙቀቱ ግን ያው ነው። ቀጥሎ ኮፈኑን ከውስጥ ሙቀት በሚመልስ የአሉሚኒየም ፎይል ለበጥኩት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማጣበቂያው ለቀቀ።

አሁን 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የፋይበርግላስ መጠቅለያ ገዝቻለሁ፣ ግን ለመጠቅለል እጄ አልደፈረም። የባለ ሁለት ምት ማርሚታ ጭስ ማውጫ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ሾጣጣ የሚመለሰው የግፊት ሞገድ ሳይቃጠል ያመለጠውን ድብልቅ መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ጋዙ በጋለ ቁጥር ሞገዱ ስለሚፈጥን ጉልበቱ ወደ ከፍተኛ ዙር ይሸሻል፤ የፍሪሲዮኑ ክብደትና ሞላ ደግሞ የተስተካከሉት በደቂቃ ለ8,000 ዙር ነው። በዚያ ላይ መጠቅለያው የቀለጠ በረዶ ይዞ የማርሚታውን ላሜራ ያዝገዋል፣ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ስለዚህ ማርሚታውን ሳልጠቀልል፣ በኮፈኑ በኩል ያለውን ፊቱን ብቻ 1 ሳንቲሜትር የአየር ክፍተት ትቼ በቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ብከልለው፣ በዝግታ ስነዳ ፕላስቲኩን ለማዳን ይበቃል?