መዋጮው በፈቃድ፣ ደረሰኙ በእጅ፦ ለወረዳው ምክር ቤት የምናስገባውን ሐሳብ አብረን እንጻፍ

ጸሐፊዋ፦

እንደምን ከረማችሁ? ሁላችንም አንድ ቤት መገናኘት ስላልሆነልን ነገሩን በጽሑፍ እየተቀባበልን እንጨርሰው። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ግማሾቻችሁ ደብረ ማርቆስ ናችሁ፣ ግማሾቻችሁ ባሕር ዳር፣ የቀረነው እዚሁ ጮቄ ሥር ነን። ጽሑፉ ከሁለት ገጽ አይበልጥም ብለን ተስማምተናል። የቀረን ሁለቱን ገጽ በምን እንደምንሞላ ነው።

መነሻውን ላስታውስ። ባለፈው በጋ ምንጩን አጎለበትን። ሲሚንቶውን ማኅበራችን ገዛ። ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ጉልበቱን የሰፈሩ ሰው በደቦ አወጣ። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አላስገደደንም። አሁን ልጆች ውኃ ቀድተው በሰዓቱ ትምህርት ቤት ይገባሉ።

በጥቅምት ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። አንዲት ጎረቤታችን ለልጃቸው መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። «እማማ፣ የልማት መዋጮ ሳይከፍሉ አይሆንም» ተባሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። የእንቁላል ሽያጭ ነው፣ ሁለት መቶ ብር። እንደ ክብሪት ቀፎ አጣጥፈው ነው የቋጠሩት። ከፈሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ደረሰኙስ?» ሰውየው መሳቢያውን ከፈተ፣ አየት አደረገና ዘጋው። «አልቋል፣ ሌላ ቀን ይምጡ።» እጃቸውን አላጠፉም። «በሕግ አምላክ፣ ወይ ብሬን ወይ ወረቀቴን» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰውየው ብራቸውን መለሰላቸው። መታወቂያውን ግን አልሰጣቸውም። እሱን ለማግኘት አራት ቀን ተመላልሰዋል።

እኔ ሐሳባችን ከዚህ እንዲጀምር እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ቢሆንስ፦ «መዋጮ ስላልከፈለ ማንም ሰው የመንግሥት አገልግሎት አይከልከል።» በዚህ ላይ የመሰላችሁን ጻፉ።

መምህሩ፦

ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ነው። ከሥሩ ሕጉን እናስገባ፣ ግን አናብዛው። አንቀጽ የታጨቀበት አቤቱታ አንባቢን ያደክማል። ለእኔ ሦስት ይበቃል።

አንደኛው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ነው። ከገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የመጣል ሥልጣን የክልል ነው ይላል። ቀበሌ እዚያ ውስጥ የለም። ግብር በሕግ ይጣላል። አንድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ እጅ በማስወጣት ግዴታ የሆነ ነገር ግብር ሊሆን አይችልም፣ መዋጮ ከሆነ ደግሞ ግዴታ ሊሆን አይችልም። ይቺን ልዩነት በደማቁ እንጻፋት።

ሁለተኛው አንቀጽ 12 ነው። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣን ይጠየቅ ይላል። ሦስተኛው አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው። ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል፣ ምክንያቱም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ነው ይላል። የቀበሌው ሥልጣን ለምን እንደተሰጠ እዚያው ተጽፏል ማለት ነው።

የአቤቱታ መብታችን አንቀጽ 30 ላይ አለ። ደብዳቤው ራስጌ ላይ አንዴ ጠቅሰነው እንለፍ።

ሒሳብ ሹሙ፦

ጸሐፊያችን፣ ያየሽውን በደንብ ነው የጻፍሽው። አንድ ስጋት ግን አለኝ። መዋጮን ጨርሶ የጠላን እንዳንመስል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ላይ ነው የሚያልቀው። የትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ብሎክ ቆርቆሮ ያገኘው በመዋጮ ነው። እኔም ከፍያለሁ፣ ደግሞ ደስ ብሎኝ። ያ ገንዘብ ባይሰበሰብ ልጆቹ ዛሬም ዛፍ ሥር ይማሩ ነበር።

ስለዚህ «መዋጮ ይቅር» አንበል። እንዲህ እንበል፦ መዋጮ ሲጠየቅ ለምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ይነገር። ያልፈለገ አይገደድ። ለእያንዳንዱ ብር ሕጋዊ የገቢ ደረሰኝ ይቆረጥ። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። ደብተሩን ማየት የፈለገ ይይ።

ይህን ስንጠይቅ መጀመሪያ የራሳችንን ማጽዳት አለብን። የምንጩን ሒሳብ ትናንት ማታ እንደገና ደመርኩት። ሲሚንቶው ልክ ነው፣ ቧንቧው ልክ ነው። የአህያ ጭነት ክፍያ ግን ሁለት ቦታ ላይ ያለፊርማ ተጽፏል። ጭነቱን የወሰዱትን ሰዎች አግኝቼ አስፈርማለሁ። ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት የእኛ ሒሳብ ምንጩ አጠገብ ካለው ዋርካ ላይ ይለጠፋል። ይህን በራሴ ኃላፊነት ወስጃለሁ።

አባባ (በልጅ ልጃቸው እጅ የተጻፈ)፦

ልጆቼ፣ ያላችሁትን ሁሉ አንብባልኛለች። እኔ አንድ ነገር ልጨምር።

በ1960 የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ወጣ ተባለ። ከዚያ በፊት ግብሩ በመሬቱ ነበር፣ አሁን ምርቱን እንገምት አሉ። ገማች ሲመጣ መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ለጎጃም ሰው መሬት ተለካ ማለት ርስት ተነካ ማለት ነው። ሰዉ መጀመሪያ ጠመንጃ አላነሣም። መጀመሪያ ሽማግሌ ነው የላከው። አቤት ባዮች አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። ደጅ ጠኑ፣ ስንቃቸው አለቀ፣ ተመለሱ። የሚሰማ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞት ተነሣ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ሳይቀር መጣ። ቤት ተቃጠለ፣ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ የለመኑት እኮ ይህንኑ ነበር። ያን ጊዜ ቢሰሙ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ለምን ይሞት ነበር?

ስለዚህ እኔ የምለው፣ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ጻፉ። «እናየዋለን» ተብሎ እንዳይቀር። አዎ ይበሉ፣ አይ ይበሉ፣ ግን በዚህ ቀን ይበሉ። ለመንግሥትም የሚበጀው ይኸው ነው።

መምህሩ፦

አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልን። የቀኑን ነገር ከራሳችን መፍጠር አይኖርብንም። የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ መረጃ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። የመዋጮውን ሒሳብ በዚህ አዋጅ እንጠይቅ። ለቀረው ሐሳባችንም ያንኑ 30 ቀን እንለምን። ዝም ካሉን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ ወደዚያ እንሄዳለን። ይህንንም ደብዳቤው ላይ በትሕትና እንግለጸው። ቀጥሎ የት እንደምንሄድ አውቀው ይጠብቁን።

ከቢቸና በኩል፦

አባባ የ1960ውን ስላነሡ እኔ የ1989ኙን ልጻፍ። የመሬት ሽግሽጉ ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበር «ቢሮክራሲ» ተባለ። የዚያ ስም የወጣለት ሰው ከአንድ ሄክታር በላይ አይተርፈውም። ስሙ ስብሰባ ላይ ከዝርዝር ተነበበ፣ አለቀ። ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀው የለም። በሬዎቹን ይዞ ወደቀረችው ማሳ ሲሄድ አስታውሳለሁ። ወደ ሌላኛዋ ማሳ የለመዱት በሬዎች መንታ መንገዱ ላይ ቆመው አልሄድ አሉ። አባቴም አልገረፋቸውም። ቆሞ ጠበቃቸው።

በኋላ የይዞታ ደብተር ሲመጣ ነገሩ ትንሽ ተረጋጋ። ሙከራው ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው ጎዛምን ነበር። ደብተር የያዘ ሰው ዛፍ ለመትከል ይደፍራል፣ እርከን ይሠራል። ግን ወረቀቱ ብቻውን በቂ አይደለም። ውሳኔው የሚሰጥበት መንገድም መጻፍ አለበት።

የእኔ ዓረፍተ ነገር ይኸውና፦ «የሰውን ይዞታ ወይም ሕዝብ በጉልበቱ የሠራውን ነገር የሚነካ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ባለጉዳዩ ይደመጥ፤ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው።» መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ መሬት ላይ ያሻሻለው ነገር የራሱ መሆኑን አንቀጽ 40 ይናገራል። ምንጩም ላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ወጣቱ (ከባሕር ዳር)፦

እኔ የምለው፣ ደረሰኝ የከለከለውን ሰውዬ ለምን በስሙ አንጽፍም? ሁሌ በሽፍንፍን ስለምንሄድ እኮ ነው የማይለወጠው።

ጸሐፊዋ፦

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፣ እኔም እዚያው ቆሜ ተናድጃለሁ። ግን እሱ ነገ ይዛወራል፣ ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ መሳቢያው ያው መሳቢያ ነው። ስሙን ከጻፍን ምክር ቤቱ ስለ እሱ ተወያይቶ ይበተናል። እኛ የምንፈልገው ከእሱ በኋላ የሚመጣውንም የሚይዝ ደንብ ነው። በደሉ ራሱን የቻለ አቤቱታ ከሆነ እማማ ሲፈልጉ ለብቻው ያቀርቡታል።

ከአዊ በኩል፦

እኔ ስለ ግል ጥረት አንድ ምሳሌ ላምጣ። የእኛን የፋግታ ለኮማን ወረዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ሲል ገበሬው ራሱ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ መትከል ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይዘራዋል፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆርጠዋል፣ ያከስለዋል። ችግኝ የሚያፈላ አለ፣ የሚያከስል አለ፣ የሚጭን አለ። የተራቆተው ኮረብታ ዛፍ ለበሰ። ገበሬው አይቶ፣ ከጎረቤቱ ተምሮ ነው የተከለው። በኋላ ደግሞ ቅጠሉን የሚያደርቅ በሽታ ገባ። ያን ጊዜ ገበሬው ብቻውን ሊወጣው አልቻለም። የምርምር ሰው፣ የግብርና ባለሙያ አስፈለገ።

ይህን ያነሣሁት የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ምንጩን «እንረከባለን» ማለቱን ስለሰማሁ ነው። መንግሥት አያስፈልገንም አልልም። በቦታው ግን ይሁን። ውኃውን ይመርምርልን፣ ሲበላሽ ባለሙያ ይላክልን። ቁልፉና የጥበቃው ገንዘብ ግን ውኃውን ከሚጠጡት ሰዎች እጅ አይውጣ።

መምህሩ፦

ይስማማኛል፣ ከአንድ ማስጠንቀቂያ ጋር። በአዋጅ 197/1992 መሠረት የአገሪቱ ውኃ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። እኛ የሠራነው ግንቡን ነው፣ ውኃውን አይደለም። ስለዚህ ከታች ያለው ጎጥ ቢመጣ «የእኛ ነው» ብለን መከልከል አንችልም። ሥልጣን ገደብ ይኑረው ስንል የእኛም ገደብ እንዲኖረው ነው።

የቁልፉን ነገር ለማስረዳት ቆጋን እንጥቀስ። መራዊ አጠገብ ያለው ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ነው የተሠራው። ያን ያህል መሬት ላይ ውኃ ማከፋፈል ለአንድ ቢሮ ስለሚከብድ ተጠቃሚዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ተራ ያወጣሉ። ለመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች የወጣ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 841/2006። የእኛ የመጠጥ ውኃ ስለሆነ አዋጁ በቀጥታ አይመለከተንም፣ መንገዱን ግን ያሳያል። ለመስኖ የተፈቀደ መተማመን ለአንድ ምንጭ እንዴት ይከለከላል ብለን እንጠይቅ።

ጸሐፊዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ሰብስቤ የጥያቄውን ክፍል እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ የማትስማሙበትን እስከ እሑድ ንገሩኝ።

«እኛ የዚህ አካባቢ ነዋሪዎችና ተወላጆች ለልማት ጉልበታችንንና ገንዘባችንን ስንሰጥ ኖረናል፣ ወደፊትም እንሰጣለን። ይህ በፈቃድ እንዲሆን ምክር ቤቱ በደንብ እንዲወስንልን እንጠይቃለን። መዋጮ ስላልከፈለ ማንም ሰው መታወቂያ፣ ማዳበሪያ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ወይም ሌላ አገልግሎት አይከልከል። ለተከፈለ ብር ሁሉ ሕጋዊ ደረሰኝ ይቆረጥ፤ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ይለጠፍ። የሰውን ይዞታ ወይም ሕዝብ የሠራውን ነገር የሚነካ ውሳኔ ባለጉዳዩ ሳይደመጥ አይሰጥ፤ ሲሰጥም ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሁን። ያጎለበትነውን ምንጭ ጽሕፈት ቤቱ ይመርምርልን፣ ያማክረን፤ አስተዳደሩ ግን በተጠቃሚዎች በተመረጠ ኮሚቴ እጅ ይቆይ፣ ለአጎራባች ጎጦችም ክፍት ይሁን። መልሱን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንለምናለን።»

ማዳበሪያን ያስገባሁት ሒሳብ ሹማችን በስልክ ስለነገሩኝ ነው። ክረምት ሲገባ ትልቁ ማስፈራሪያ እሱ ነው አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ዘር የሚዘራበት ሳምንት ያለፈበት ገበሬ የዓመት እንጀራው አለፈ።

የእማማን ነገር ሄጄ ጠየቅኋቸው። ታሪኩን እንድንጽፍ ይፈቅዱ እንደሆነ ማለቴ ነው። ቡና እያፈሉ ነበር። «ስሜን አትጻፉት፣ ሁለት መቶ ብሩን ግን ጻፉት» አሉኝ። ጽፌዋለሁ።

ደብዳቤውን አባባ፣ መምህሩና እኔ እንወስደዋለን። በሦስት ቅጂ ይታተማል። አንዱ ለአፈ ጉባኤው፣ አንዱ ለውኃ ጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ የእኛ ነው። የእኛው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳያሳርፍበት ከግቢው አንወጣም። አባባ ጋቢያቸውንና ስንቃቸውን ይዘው እንደሚመጡ ልጅ ልጃቸው ነግራኛለች።